ዘንድሮ ዮሐንስ ነው

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። የማወራችሁ የአንድ ዋዜማ ነገር ነው፤ ታኅሣሥ 27 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ረቡዕ። ቀኑን ያዙልኝ። ነገሩ ሁሉ ያለው ቀኑ ላይ ነው።

አስቀድሜ ስለ አባቴ ልንገራችሁ። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ደብረ ብርሃን፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት በልጅነቱ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የለመነ የቆሎ ተማሪ ነበር። ትምህርቱን አልገፋበትም፤ ባሕረ ሐሳብን ግን እንደያዛት ቀረ። በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን ጠዋት፣ የሰፈር ልጆች አደይ ይዘው ሳይመጡ በፊት፣ እኔንና እኅቴን ከበሩ ጀርባ ያቆመንና ጠመኔ ያስይዘናል። «በሉ፣ ዘንድሮ የማን ዘመን ነው?» ይለናል።

እንጀምራለን። ዓመተ ፍዳው 5500፣ የዓመቱ ቁጥር ይደመርበታል፣ ድምሩ ለ4 ይካፈላል። አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። መልሱን ስናገኝ ጠመኔውን ይቀበለንና ብራና ላይ እንደሚጽፍ ሰው ተጠንቅቆ በሩ ጀርባ ላይ ይጽፈዋል። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይኖራል። ማታ በሩ በተዘጋ ቁጥር እናየዋለን። እንቁጣጣሽ ሲመለስ ይጠፋና ሌላው ይተካል።

ዮሐንስ የወጣ እንደሆነ ደግሞ አባቴ ጣቱን ከፍ ያደርጋል። «ዘንድሮ ዮሐንስ ነው! ገና በ28 ነው፤ እንዳትዘናጉ!» ይላል። ይህን ከሰማን በኋላ እኛ ቤት የቀን መቁጠሪያ የሚገልጥ የለም። እናቴ ብቅሉ መቼ እንደሚበቅል፣ ጌሾው መቼ እንደሚወቀጥ፣ ጠላው መቼ እንደሚጠነሰስ የምትቆጥረው ከዚያች ቃል ተነሥታ ነው።

አባቴ ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ዐረፈ።

2007 ሉቃስ ነበር። የሉቃስ ዓመት ሲያልቅ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች። ያቺን ስድስተኛ ቀን አባቴ አላያትም። በማግስቱ እንቁጣጣሽ ሆነ። ከበሩ ጀርባ «2007 ዘመነ ሉቃስ» የሚለው የእጁ ጽሕፈት እንዳለ ነበር፤ እናቴ ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። ጠመኔ ያነሣ ሰው አልነበረም። «ዘንድሮ ዮሐንስ ነው» ያለም አልነበረም።

እኔ ከባድ መኪና ነጂ ነኝ። ተሳቢ ነው የምነዳው፤ መንገዴም የጅቡቲ ነው። ያ ዓመት ምን ዓይነት ዓመት እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ኤልኒኞ ዝናቡን አስቀርቶ አፋር ላይ ከብት አልቋል፣ ወሎ ላይ አዝመራ ጠፍቷል፤ እርዳታ የሚሻው ሕዝብ ከ10 ሚሊዮን በላይ ነው ተብሏል። ስንዴ በመርከብ በላይ በላዩ ሲመጣ ወደቡ ጠበበ። መርከቡ ባሕር ላይ ወረፋ ይጠብቃል፣ እኛ ሹፌሮች ደግሞ የብስ ላይ። ቀን በመኪናው ጥላ ሥር እንጋደማለን፣ ሌሊት ከሙቀቱ ጋር ስንታገል ይነጋል። በሌላ ጊዜ ረቡዕና ዓርብን በጾሙ እንለያቸው ነበር፤ የነቢያት ጾም ከገባ ወዲያ ግን ቀኑ ሁሉ ሽሮና ምስር ነው፤ መለያው ጠፋ።

ቢሆንም አንድ ቀን በልቤ ይዤ ነበር፤ ታኅሣሥ 28። እናቴ ቀደም ብላ ቁርጡን ተናግራለች፤ «ሙት ዓመቱ ሳይወጣ በቤቴ ዶሮ አይታረድም፣ ገናም አይደረግም» ብላለች። እኔ ደግሞ አባቴ በሌለበት የመጀመሪያው ገና ምድጃው ቀዝቅዞ እንዲያልፍ አልወደድኩም። ወደ ጅቡቲ ከመውረዴ በፊት እኅቴን ለብቻዋ ጠርቼ «ምንም እንዳትገዢ። ሁሉን ይዤ በ28 ጠዋት እመጣለሁ» አልኳት። «እሺ» አለች። እኔ 28 ያልኩት ዋዜማውን ነው። እሷ 28 ስል የሰማችው በዓሉን ነው። አንድ ቁጥር ተነጋግረን ሁለት ቀን ይዘን ተለያየን።

ስንዴውን ጭነን ገላፊን ተሻገርን። በሰመራ፣ በሎግያ አድርገን ሚሌ ላይ ወደ ቀኝ ታጠፍን፤ በባቲ በኩል ሽቅብ ወጥተን ማክሰኞ አመሻሽ ኮምቦልቻ ገባን። መጋዘኑ በር ላይ ወረፋ አለ። ነጠላ የለበሱ ምዕመናን የሞሉባቸው አውቶቡሶች ወደ ደሴ ሲያልፉ አየሁ፤ ለላሊበላ ነው የሚሄዱት። ገና ሦስት ቀን ሲቀረው ተነሥተዋል፣ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ነው ብዬ ተኛሁ።

ረቡዕ ጠዋት ወዛደሮቹ ኩንታሉን በሩጫ ያወርዱት ጀመር። እንዲያ ሲፈጥኑ አይቼ አላውቅም። «ምን አጣደፋችሁ?» ብል አንዱ ከነኩንታሉ ዞረና «ዛሬ ዋዜማ አይደል? እኛስ የሚጠብቁን ልጆች የሉንም?» አለኝ።

«ዋዜማማ ነገ ነው» አልኩ።

ዘበኛው፣ ነጠላቸውን ያጣፉ ሽማግሌ፣ ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ሆነው ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ዘንድሮ እኮ ዮሐንስ ነው» አሉኝ።

ያቺን ቃል ከአባቴ አፍ በስተቀር ሰምቻት አላውቅም ነበር። ባዶ ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። አባቴን ሐምሌ ላይ ቀብሬዋለሁ፤ አፈሩን በእጄ መልሻለሁ፤ አርባውን አውጥቻለሁ። አለመኖሩን ያወቅሁት ግን ያን ጠዋት ነው፤ ቀኑን የሚነግረኝ ሰው ሳጣ።

ስልክ መታሁ።

«እታለም፣ ገና ነገ ነው እንዴ?»

«ነገ ነው። ምነው?»

«እኔ ገና ኮምቦልቻ ነኝ።»

ጥቂት ዝም አለች። «እኔማ ነገ ጠዋት የምትደርስ መስሎኝ ነበር። ወደቡ አዘግይቶት ነው፣ ምን ያድርግ ብዬ ተውኩት» አለችኝ። «ቤት ውስጥ ዱቄት አለ። በጾሙ የተጠራቀመ ቅቤ አለ። ሌላ ምንም የለም።»

«ዱቄቱን አቡኪው። ማታ እደርሳለሁ።»

«ዳገቱን እንዳትሮጥበት። በዓሉ ቢቀር ይቅር፤ አንተ በደኅና ግባልኝ» አለችኝ።

ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ተነሣን። መኪናው ባዶ ስለሆነ ቀሎናል። ረዳቴ የባቲ ልጅ ነው፤ ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ ለሥራ የተፈጠረ፣ ንግግሩ ቁጥብ ነው። ነገሩን ስነግረው «አብሽር ጋሼ፣ እንደርሳለን» አለኝና መስኮቱን ከፍቶ ከአሁኑ ገበያ ይፈልግ ጀመር።

ከሚሴን አልፈን ሸዋ ሮቢት ላይ ቆምን። ቆላ ነውና ፀሐዩ ይጋረፋል። ረዳቴ ወደ ሽንኩርቱ፣ እኔ ወደ ዶሮው። ገበያው እየተበተነ ነው። አንዲት እናት ዘንቢላቸውን ሊሸክሙ ሲሉ ደረስኩ፤ ሁለት አውራ ዶሮ ቀርቷቸዋል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ገብስማ። አባቴ እንዳስተማረኝ ክንፉን ይዤ ብድግ አድርጌ መዘንኩት፤ ደረቱን በአውራ ጣቴ ዳበስኩት፤ ሥጋ አለው። ብዙ ሳንከራከር ተስማማን፤ እሳቸውም ወደ ልጆቻቸው ይቸኩላሉ። ሎሚ ገዛሁ፣ እንቁላል ገዛሁ፣ ለድፎው ኮባ ቅጠል ገዛሁ። ደብረ ብርሃን ውርጭ ነው፤ ኮባ በየጓሮው አይገኝም። ረዳቴ ሽንኩርቱን በጆንያ ተሸክሞ መጣ። ዶሮዎቹን እግራቸውን አስሮ ጋቢና ውስጥ እግሩ ሥር አስቀመጣቸው።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ እንደ ልማዳቸው ወደ መስኮቱ ሮጡ። የደብረ ሲናን ቆሎ ሳይዝ የሚያልፍ ሹፌር የለም፤ ገዛንና ዳገቱን ተያያዝነው። ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው። መኪናው ያቃስታል፤ ጉሙ ከገደሉ ሽቅብ ይወጣል፤ ፊት ለፊት ያለው መኪና መብራቱ ብቻ ነው የሚታየው። ልቤ ሩጥ ሩጥ ይለኛል፤ የእኅቴ ቃል ደግሞ ይይዘኛል። በማርሽ፣ በትዕግሥት ወጣነው። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ስንገባ ጨለመ። ያኔ ገብስማው አውራ ዶሮ ጮኸ። ድምፁ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ፤ ረዳቴም እጁን ጀርባው ላይ አድርጎ አባበለው። ከወዲያ በኩል ስንወጣ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች፤ ብርዱ በመስታወቱ ስንጥቅ ይገባል።

ቤት ስንደርስ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሆኗል። መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቁመን ዕቃውን ተሸክመን ገባን። ከየጎረቤቱ የሽንኩርት ቁሌት ይሸታል፤ የእኛ ቤት ብቻ ጭስ የለውም። እናቴ በጥቁር ነጠላዋ ተሸፋፍና መደቡ ላይ ተቀምጣለች። እኅቴ በጓዳ በር ብቅ አለች፤ እጇ እስከ ክርኗ ሊጥ ነው። የእኅቴ ልጅ፣ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ሮጦ እግሬ ላይ ተጠመጠመ።

እናቴ ሳመችኝና ዶሮዎቹን አየቻቸው። ፊቷ ተለወጠ።

«አልነገርኳችሁም? ለማን ነው የምሠራው? ፈረሰኛውን ለማን ነው የማወጣው?» አለች።

መልስ የሰጣት የለም። ምን ይመለሳል? ዶሮ ሲወጣ ፈረሰኛው የአባወራው ነው፤ እሷ አርባ ዓመት በእጇ አውጥታ ለአባቴ ያቀረበችው ብልት ነው። ዶሮዎቹን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

በዚህ መሃል ረዳቴ ሽንኩርቱን በትከሻው አድርጎ ጎንበስ ብሎ ገባ። ቆላ የለመደ ልጅ ነው፤ የለበሰው ስስ ሸሚዝ ነው፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። እናቴ አየችው።

«ይሄ የማን ልጅ ነው?»

«ረዳቴ ነው እማዬ፤ የባቲ ልጅ ነው። መኪናው ውስጥ አድራለሁ ብሎ ነው፣ ዕቃውን ሊያስገባልኝ…»

«መኪና ውስጥ? በዚህ ውርጭ?»

ተነሣች። ቀጥ ብላ ወደ መኝታው ሄደች፤ ከሐምሌ ጀምሮ ማንም ካልተኛበት የአባቴ አልጋ ላይ ብርድ ልብሱን ገፈፈችው። ግራጫ ነው፤ አባቴ ጡረታ ሲወጣ ይዞት የገባ ነው። አምጥታ ልጁን ትከሻው ላይ አለበሰችው፤ ከአንገቱ ሥር በደንብ ሸጎጠችለት። «ስምህ ማነው አባቴ?» አለችው። ነገራት። ስሙን ስትሰማ ጥቂት አሰበች፤ ወዲያው ወደ እኔ ዞረች።

«አንዱን ዶሮ ይዘኸው ወደ ሐጂ ቤት ሂድ፤ እሳቸው ይረዱት። እንግዳዬ በኔ ቤት በዓል ሌላው ሲበላ አያይም። ድስቱም ማማሰያውም ለብቻ ይሁን» አለች። ለእኅቴም «ምን ትጠብቂያለሽ? እሳት አንድጂ!» አለቻት።

ከሐምሌ ወዲህ በዚያ ድምፅ ስትናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት ልንገራችሁ? ሌላው ሰው በአንድ ሳምንት የሚሠራውን በአንድ ሌሊት ያዝነው። ገብስማውን ለሐጂ አደረስኩ። ጸሎት ላይ ነበሩ፤ ጠበቅኳቸው፤ ሲጨርሱ አርደው ሰጡኝና «ለእናትህ እንኳን አደረሰሽ በልልኝ» አሉኝ። ቀዩን ጓሮ ወስጄ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብዬ በአባቴ ቢላዋ አረድኩት። ያንን ቢላዋ ለዚህ ሥራ ስይዘው የመጀመሪያዬ ነው። እንደ አባቴ ሞርጄ፣ እንደ አባቴ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ።

እኅቴ በፈላ ውሃ ነክራ ላባውን ነጨችው፤ የቀረውን ጥቃቅን ጸጉር ነበልባል ላይ ለበለበችው። ከዚያ በጨውና በሎሚ ውሃ አጠባ፣ እንደገና አጠባ፣ ውሃው እንደ ምንጭ እስኪጠራ ድረስ። ሁለት የማይነካኩ ገበቴዎች፣ ሁለት ቢላዋ። ልጇ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ብልቱን ይቆጥርላታል። የዶሮ ብልት 12 ነው፤ አንዱ ቢጎድል ወይም ቢላው በማይሆን ቦታ ቢያልፍ የባለሙያ ሥራ አይባልም። አሥራ ሁለተኛው ሲወጣ «ሞላ!» ብሎ ጮኸ።

እኔና ረዳቴ ሽንኩርት ላጥን። ሁለት ድስት ሽንኩርት ስንት እንደሆነ የላጠ ያውቀዋል። እናቴ ቁሌቱን ያዘች። ያለ ዘይት፣ ያለ ውሃ፣ ሽንኩርቱን በራሱ ውሃ እያማሰለች። ሁሉ ነገር ሲጣደፍ የማይጣደፈው ቁሌት ነው። እሳት ብትጨምርበት ያራል፤ ብትተወው ይይዛል። ሽንኩርቱ ጠውልጎ፣ ውሃው መጥጦ፣ መልኩ እስኪቀላ ድረስ ክንድ መድከም አለበት። ከዚያ በርበሬው ገባ፤ ውሃ ጠብ እያደረገች አበሰለችው። ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ቅቤው። ቅቤው ሲገባ ከሐምሌ ጀምሮ የተዘጋ ቤት በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ሽታው እስከ መደቡ፣ እስከ አልጋው፣ እስከ አባቴ ካፖርት ድረስ ደረሰ።

ሊጡ ግን አልነሣ አለ። የደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ሌሊት ነው፤ እርሾው በብርዱ ተኮማትሯል። እኅቴ በጣቷ ጫን ታደርገዋለች፤ የጣቷ ቦታ ጎድጉዶ ይቀራል። «ዳቦው ሊቀርብን ነው» አለች። ረዳቴ ከምድጃው ዳር ሞቆት ነበር። ተነሣ፤ ትከሻው ላይ ያለውን ብርድ ልብስ አወለቀ፤ በሁለት እጥፍ አጠፈው፤ ቡሃቃውን እንደ ሕፃን ጠቅልሎ እሳቱ አጠገብ አስጠግቶ አስቀመጠው። «እናቴ ብርድ ሲሆን እንዲህ ታደርጋለች» አለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስንገልጠው ሊጡ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ኮባው በእሳት ተለበለበ፣ ምጣዱ ላይ ተነጠፈ፣ ሊጡ ገባበት፣ ከላይ ኮባ፣ ከኮባው በላይ ፍም።

ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ በሩ ተንኳኳ። የጎረቤታችን ሴትዮ ናቸው፤ አንድ ገንቦ ጠላ በነጠላቸው ሸፍነው ተሸክመዋል። «እንደማትጠምቁ አውቄ ስጠነስስ የናንተን ጨምሬ ነበር» አሉና እንደ ቆሙ አስቀምጠው ሄዱ። አያችሁ፣ እኛ ቀኑ ሲጠፋብን ጎረቤት ቆጥሮልን ነበር።

ልጁ እንቅልፉን እየታገለ ነው። «እማማ፣ ገና ሁልጊዜ በ29 አይደል? ዘንድሮ ለምን በ28 ሆነ?» አላት አያቱን።

እናቴ ማማሰያውን አላቆመችም። «መጋቢት 29 ቀን ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን አበሠራት» አለችው። «ከዚያ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ቁጠር።»

«270 እና 5። 275።»

«ጎበዝ። ጳጉሜን አምስት ስትሆን ያ ቁጥር ታኅሣሥ 29 ላይ ይሞላል። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች ግን መሃል ላይ አንድ ቀን ገብታለችና በ28 ይሞላል። ልጁ አልቸኮለም፣ አልዘገየም፤ ቀኑን ሞልቶ ነው የተወለደው። አቆጣጠሩን ያስተማረኝ አያትህ ነው። እናትህንም አጎትህንም ሳረግዝ ቀኑን የቆጠረልኝ እሱ ነው። ማታ ማታ ከፋብሪካ ሲገባ መጀመሪያ የሚለኝ ‹ስንት ቀረሽ› ነበር።»

ድስቱ ይንተከተካል። ሌላ የሚናገር አልነበረም።

ሌሊት እናቴን ይዤ ወደ ሥላሴ ሄድኩ። እኅቴ ድስቶቹን ትጠብቃለች፤ ልጁና ረዳቴ በአንድ ጋቢ ተኝተዋል። ግቢው ነጭ በነጭ ነው። ጧፉ፣ ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ ከሰው ሁሉ አፍ የሚወጣው የትንፋሽ ጉም። እናቴ በጥቁሯ መሃሉ ላይ ቆመች፤ ሰው እየመጣ ትከሻዋን ይስማታል። ቅዳሴው አልቆ ስንመለስ ሣሩ ላይ ውርጭ ጋግሯል፤ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። «አባትህ በወጣትነቱ አንድ ጊዜ ላሊበላ በእግሩ ሄዷል» አለችኝ። «ሲነጋጋ ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ ከዐለቱ አፋፍ፣ ግማሾቹ ከታች ከቤተ ማርያም ደጅ ሆነው ቤዛ ኩሉ ሲሉ ሰምቷል። በየገናው ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እዚች ጋ ሲደርስ ይነግረኝ ነበር። በየዓመቱ እንዳልሰማሁ ሆኜ እሰማው ነበር።» ይህን ስትለኝ እጄን አጥብቃ ይዛ ነበር።

ቤት ስንገባ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ልጁ የዋዜማ ዕለት ከበሬሳ ወንዝ ዳር አጭዶ አምጥቶ፣ አያቱ እንዳትቆጣው ከእንጨቱ ኋላ ደብቆት ኖሯል። አንድም ሰው ሳያዘው እሱም ለገና ተዘጋጅቷል። እናቴ አየችውና ግንባሩን ሳመችው።

ብርዱ እንዳይገባ በሩ ተዘጋ። የአባቴ ጽሕፈት ፊት ለፊታችን ሆነ፤ «2007 ዘመነ ሉቃስ»።

«ዳቦውን ቁረስ» አለችኝ። ባርኬ ቆረስኩ። ለረዳቴ በራሱ ሳህን፣ ከራሱ ድስት ወጣለት። ከዚያ እናቴ ጭልፋውን ወደ እኛ ድስት ሰደደች፤ ፈረሰኛውን አወጣችና በአየር ላይ ያዘችው። እኅቴ አንገቷን ደፋች። እኔ የቤቱ ወንድ ነኝና ለእኔ ትሰጠኛለች ብዬ ልቤ መታ፤ ብትሰጠኝ እንዴት ብዬ እንደምውጠው አላውቅም ነበር።

«አባታችሁ ይህን የሚበላው አባወራ ስለሆነ ነው ትላላችሁ» አለች። «እኔ ግን የማወጣለት ቀኑን ስለሚነግረኝ ነበር። ቀን የሚቆጥር ሰው የሌለበት ቤት በዓሉ ሲደርስበት አያውቅም። አየነው።» ወደ ልጁ ዞረች። «ና። የሚመጣው ዓመት የማን ነው?»

ልጁ ደነገጠ። ከዚያ ጣቱን ወጡ ላይ እንዳያስነካ ጉልበቱ ላይ መጻፍ ጀመረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። 5500 እና 2009፣ 7509። ለአራት ሲካፈል 1877። «አንድ ተረፈ» አለ። «ማቴዎስ ነው።»

«ገናስ?»

«በ29።»

ፈረሰኛውን ፊቱ አስቀመጠችለት። እንቁላሉንም ጨመረችበት። ከዚያ ከሣጥኑ ውስጥ ከአባቴ የዳዊት መጽሐፍ ጎን ጠመኔውን አወጣችና ሰጠችው።

«የዘንድሮውን ጻፍልን» አለችው። «የአያትህን እንዳታጠፋው። ከሥሩ ጻፍ።»

ልጁ ተንጠራርቶ አይደለም፤ ከሥሩ ነውና ተንበርክኮ ጻፈ። ፊደሉ ይወላገዳል፣ የ«ዮ»ዋ እግር ጠምሟል። «2008 ዘመነ ዮሐንስ»። ታኅሣሥ 28 ላይ፣ ዓመቱ አራተኛ ወሩን ሊጨርስ ሲል፣ ቤታችን አዲስ ዓመት ገባ።

ከሰዓት በኋላ ልጁና ረዳቴ የገና ዱላቸውን ይዘው ወደ ሜዳው ወጡ። ሩሯን እየተከተሉ ሲጮሁ እናቴ በር ላይ ቡናዋን ይዛ ታያቸዋለች። ነጠላዋ ጥቁር ነው፤ ሙት ዓመቱ እስኪወጣ አላወለቀችውም። ፀሐይ ላይ ግን ወጥታ ተቀምጣለች።

ቀድሞ እኔ በዓል ማለት ሁሉ ነገር የተሟላ ዕለት ይመስለኝ ነበር። ገንዘቡ ሲገኝ፣ ዕቃው ሲገዛ፣ ሰው ሁሉ በሰዓቱ ሲደርስ። የዚያን ሌሊት ግን ጠላው ከጎረቤት፣ ዶሮው ከሸዋ ሮቢት፣ የሊጡ ሙቀት ከባቲ ልጅ፣ ቄጤማው ከልጁ ስውር ምኞት ነው የመጣው። አንድ ሰው ለብቻው ሊያሟላው የሚችል በዓል አልነበረም። አባቴም ያን ሁሉ ዓመት ያደርግ የነበረው ትልቅ ነገር ቀኑን ጮክ ብሎ መናገር ነው። የቀረውን እኛ እንሠራው ነበር።

ረዳቴ አሁን የራሱን መኪና ይነዳል። ጣርማ በርን ሲወጣ እናቴን ሳይጠይቅ አያልፍም። ልጁም አድጓል። በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን ጠዋት የትም ብሆን፣ ገላፊም ልሁን ሰመራ፣ ስልኬ ይጠራል። በ2012 ሲደውል ድምፁ ገና የልጅ ነበር። በ2016 ግን ስልኩን አንሥቼ ዝም ብዬ ሰማሁት። ድምፁ ጎርንኗል፤ ቃሉን ረገጥ አድርጎ ይናገራል፤ ጣቱን ከፍ እንዳደረገ ሳላየው ታወቀኝ።

«አጎቴ» አለኝ፤ «ዘንድሮ ዮሐንስ ነው። ገና በ28 ነው፤ እንዳትዘናጋ።»